ቡጢ መጨበጥ ለማልችል ሰው የሚሆን የማፍታቻ ልምምድ አለ?

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል፣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና የሚያሳምም በሽታ አለብኝ። ጭንቀት ሲበረታብኝ ሕመሙም አብሮ ይነሣል፤ ሕመሙ ደግሞ መልሶ ያስጨንቀኛል። ሐኪሜ ከመድኃኒቱ ጎን ጡንቻን በየተራ የማፍታታት ልምምድ እንድሞክር መከረችኝ፤ ጡንቻን ለጥቂት ሰከንዶች አኮማትሮ መልቀቅ ነው። ለትከሻና ለግንባር ግሩም ነው፤ መንጋጋዬን ነክሼ እንደምውል እንኳ ያወቅሁት በዚህ ነው። ጣቶቼ ላይ ስደርስ ግን ጉድ ይፈላል፦ ባበጠ አንጓ ቡጢ መጨበጥ ዕረፍት ሳይሆን ቅጣት ነው። በረጅሙ መተንፈስ ብቻውን ሐሳቤን አይሰበስብልኝም፤ «አትጨነቂ» የሚለውን ምክርማ ጠግቤዋለሁ።

ጡንቻን ሳያኮማትሩ በሐሳብ ብቻ እያላሉ መልቀቅ ይሠራል? ወይስ እጅን ዘልዬ ወደ ክንድ ልለፍ? ተመሳሳይ ሕመም ያለባችሁ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆናችሁ፣ እንዴት እንደሚደረግ እባካችሁ ንገሩኝ፤ በተለይ ጠዋት፣ ጣቶቼ ገና ሳይታጠፉልኝ።