ባለቤታቸው ከማይታወቅ አሮጌ ዕቃዎች ጥልፍ ልሠራ ነው፤ ምክር እፈልጋለሁ

ባለ መርፌዋ (ጠያቂ)
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ባሕር ዳር ፋሲሎ የተከራየነው ቤት ጓዳ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። አከራያችን እማማ "ቤቱን ስንገዛው እዚያው ነበር፣ የማን እንደሆነ እንጃ፤ እንደፈለግሽ አድርጊው" አሉኝ። ውስጡ የዛገ ትልቅ የበር ቁልፍ፣ 1780 የሚል ዓመት ያለበት ጠገራ ብርና በቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ። ከነዚህ ተነስቼ አሮጌ ጋቢ ላይ ግድግዳ የሚሰቀል ጥልፍ ልሠራ አስቤያለሁ። የቁልፉን ዝገት ጨርቁ ላይ እንዴት ላትመው? ብሩስ ከባድ ነው፣ እንዴት ይሰፋል? ክታቡን ፈትቼ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ብጠልፈውስ? ለቀለሙ እርድ አስቤ ነበር።

ድርና ማግ
ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ለጥልፍ ይወፍርብሻል። ስፌቱን ፍቺና ሁለቱን እጥፍ ብቻ ውሰጂ። የእጅ ፈትል ማጉ ልል ነው፤ ክሩን ስታጠብቂው ጨርቁ ይሸበሸባል። ከሥር አቡጀዲ አድርገሽ በሰፊው ወስውሺው፣ ከዚያ ወጥረሽ ጥለፊ። መቼም ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለበት ከተማ ተቀምጠሽ አቡጀዲ አይቸግርሽም!

ነካሪዋ
መጀመሪያ ጋቢውን በሙቅ ውሃና በኦሞ አጥበሽ ወዙን አስለቅቂ፤ ቅባት ያለበት ጨርቅ ቀለም አይዝም። ቀጥሎ በወፍራም ሻይ ዘፍዝፊና አድርቂው። ከዚያ ጨርቁን በአቼቶ አርሰሽ ቁልፉን ጠቅልይበት፣ በክር ጥብቅ አድርገሽ እሰሪና ፌስታል ውስጥ አሳድሪው። የሻዩ ታኒን (አፍ የሚያደርቀው ነገር) ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ግራጫና ጥቁር ይወጣል። ያለ ሻይ ከሆነ ብርቱካናማና ቡናማ ይሆናል፤ እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ። ሲበቃሽ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ እጠቢው፣ አለበለዚያ አቼቶው ጥጡን ይበላዋል። ዝገቱ ራሱ ውሎ አድሮ ክሩን ስለሚያሳሳ ይድመቅልኝ ብለሽ ብዙ አታቆይው።

እርዱን ተይው። ሲነከር ያምራል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይለቃል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ቀቅለሽ ብትነክሪበት ይሻላል።

የዘጌ ልጅ
ያንን የመሰለ ቁልፍ አቼቶ ውስጥ? ዝገቱ ሲለቅ ቁልፉም ይጎዳል። የዛገ ምስማር ፈልጊና በእሱ አትሚ፤ የቁልፉን ዙሪያ ደግሞ በእርሳስ ስለሽ ጥለፊው።

ነካሪዋ
ወንድምዓለም፣ በምስማር ከሆነማ ሳጥኑ ምን አደረገላት? አንድ ሌሊት ቁልፍ አይገድልም። ሲወጣ አጥባ፣ በደንብ አድርቃ ዘይት ትቀባው።

ጠገራ
1780 ሲል እንዳትታለዪ። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ብሩ ግን ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን ሲመታ ዓመቱ አልተቀየረም። አንቺ ጋ ያለው መቼ እንደተመታ ከቁጥሩ አታውቂም፣ ስለዚህ ጥልፉ ላይ "የ1780 ዕቃ" ብለሽ አትጻፊ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። ጆሮ ተበይዶለታል ወይስ ልሙጥ ነው?

ባለ መርፌዋ
ጆሮ አለው።

ጠገራ
እንግዲያው የአንገት ጌጥ ሳይሆን አይቀርም። በጆሮው አንጠልጥይው፤ ክሩን እስከ አቡጀዲው አዝልቂ፣ ጋቢው ብቻውን አይሸከመው። ደግሞ እንዳታፍቂው! ጥቁረቱ ከሄደ አዲስ ብር ነው የሚመስለው።

የደብሩ ልጅ
እታለም፣ ክታቡን አትፍቺው። የደረቀ ብራና ሲዘረጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃና አቼቶ ከነካው ደግሞ አለቀለት። የተጻፈውም ለአንድ ሰው ነው፣ የክርስትና ስሙ ውስጡ ይገባል።

የዘጌ ልጅ
ታዲያ ቢከፈት ባለቤቱ ይታወቅ የለም እንዴ?

የደብሩ ልጅ
የክርስትና ስም ብቻ ይዘህ ማንን ታገኛለህ? በጣና ዙሪያ ወለተ ማርያም የምትባል ስንት ሴት አለች?

ለጥልፉ የሚሆን ሌላ ነገር ልንገርሽ። የክታብ ብራና ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር። ሥራሽን ጠባብ አድርገሽ በሰው ቁመት ብታረዝሚው የክታቡን ነገር ይዘሻል፣ ብራናውም አይነካም። ክታቡን ግን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወስደሽ አሳዪ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ሥራውን ነገ ለውጭ አገር ገዢ ልሽጥ ብትዪ አብሮ የተሰፋ ክታብ ጣጣ ያመጣብሻል።

ባለ መርፌዋ
በቁመት ማስረዘሙን ወድጄዋለሁ፣ ክታቡንም አልፈታም። ጋቢውን ርዝመቱን ይዤ በጠባቡ እቆርጠዋለሁ። ቁልፉን ከላይ ነው ከታች የማትመው?

ድርና ማግ
ከታች። ዝገት ያረፈበት ጨርቅ ቀድሞ ስለሚሳሳ ክብደት የሚሸከመው የላዩ ጫፍ ላይ አታድርጊው። ብሩን ከላይ፣ ከመስቀያው ዘንግ ጠጋ አድርጊው።

ባለ መርፌዋ
እሺ፣ ተባረኩ። አቼቶው የምግቡ ይሆናል?

ነካሪዋ
ይሆናል። ነጩን ግዢ።