ከሥራ ለተቀነሰ ሰው የስንብት ክፍያው ይበቃዋል ወይስ የሥራ አጥ መድን ያስፈልገናል? የሐዋሳ ልጆች ክርክር

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ናችሁ የሐዋሳ ልጆች። በቀጥታ ልግባ። እዚህ ከተማ ሰው ከሥራ ሲቀነስ ሁላችንም አፍ ላይ የምትመጣው ምክር «አይዞህ፣ ሥራ አትናቅ፣ ያገኘኸውን ያዝ» የምትለው ናት። ክፉ ምክር አይደለችም፣ ግን የቤት ኪራይ አትከፍልም። ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ልክ እንደ ጡረታው ከሠራተኛውም ከአሠሪውም በየወሩ የሚዋጣ፣ ያለ ጥፋትህ ሥራ ስታጣ ደግሞ ሌላ እስክታገኝ ለተወሰኑ ወራት የሚከፈልህ የሥራ አጥ መድን ይቋቋም? ወይስ አሁን ያለው የአንድ ጊዜ የስንብት ክፍያ ይበቃል?

እኔ ይቋቋም ባይ ነኝ። 2014ን አስታውሱ። ኅዳር ላይ ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጣች። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተጋርተው የሚኖሩት ልጆች ምን አጠፉ? ሥራ አልቻሉም? አርፍደው ገቡ? ውሳኔው የተወሰነው ስማቸውን እንኳን በማያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ ግን ሸክሙን ሙሉ በሙሉ የሚሸከመው ያ ሠራተኛና ገጠር ያለው ቤተሰቡ ነው። ይሄ ትክክል አይደለም።

የፒያሳው ባለባጃጅ፦
ወንድሜ አከብርሃለሁ፣ ግን አልስማማም። እኔም ተቀናሽ ነበርኩ። የስንብት ብሬ ላይ ወንድሜ ጨምሮልኝ አሮጌ ባጃጅ ገዛን፣ ይኸው ዛሬ ቤተሰብ አስተዳድርበታለሁ። ያቺን ብር በየወሩ ቆራርጠው ቢሰጡኝ ኖሮ በልቼ ነበር የምጨርሳት። ደግሞ ከደሞዝ ላይ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ግብሩ አለ፣ የዕድር አለ። የፋብሪካ ልጅ ደሞዝ መች ተርፎ ነው ሌላ የሚቆረጥበት? የዛሬውን እንጀራ ቀንሰህ ለነገ ሥራ ማጣት አስቀምጥ ማለት ለእኔ አይገባኝም።

የኤች አር ሠራተኛ ነኝ፦
ከመከራከራችን በፊት ያለንን ሕግ እንወቀው፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ነው ፈርሞ የሚወጣው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ እንዲህ ይላል። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደሞዝህ በ30 ይባዛል። ከዚያ በላይ ለሠራህበት ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፣ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። የወጣኸው በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደሞዝ አለህ። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይገባሃል።

በቁጥር ላሳያችሁ። ወር በገባ 6,000 ብር የምታገኝ ልጅ አራት ዓመት ሠርታ በቅነሳ ወጣች እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት 2,000 ሦስት ጊዜ፣ ማለትም 6,000። የቅነሳው 12,000። ድምሩ 24,000 ብር ገደማ ነው፣ ግብር ሳይነሳለት። በዚህ ብር ባጃጅ አይገዛም። ባለባጃጁ ወንድሜ፣ ያንተ ወንድም ባይጨምርልህ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? ወንድም የሌለው ሰውስ?

የፒያሳው ባለባጃጅ፦
እሱማ እውነት ነው፣ ያለ ወንድሜ አልሆንም ነበር። ግን ጥያቄዬን አልመለስሽም። መድኑን የሚያዋጣው ማነው?

ጋሼ ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ብር ትከራከራላችሁ፣ እኔ ስለ ሰውየው ልናገር። 1983 ላይ ጦሩ ሲበተን አይቻለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ወታደር የነበረ ሰው ባዶ እጁን ሰፈር ገባ። ጎረቤቴ አንዱ ነበር። የጎዳው የገንዘቡ ነገር ብቻ አልነበረም። ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ተላጭቶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ በር ላይ ይቆማል። የሚሄድበት የለም። ሰው ሲያልፍ ሰላም ላለማለት ወደ ውስጥ ይገባል። ከዕድሩም ቀረ፣ ከቡናውም ቀረ። እኔ የምለው፣ በየወሩ ብር ብትሰጡት ቤቱ ቁጭ ብሎ ይበላዋል እንጂ ከሰው አይቀላቀልም። ሥራ ነው ሰውን ሰው የሚያደርገው። መንግሥት ገንዘብ ካለው ሥራ ይፍጠርበት።

የታቦር ልጅ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ከታሪኩ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ያ ሰው በር ላይ የቆመው ጊዜ የሚሰጠው ስላጣ ይመስለኛል። ለሦስት ወር እንኳን ቤቱ እንደማይራብ ቢያውቅ ኖሮ ያን ያህል ከሰው ባልሸሸ ነበር። ሰው ከሰው የሚሸሸው የሚበደረው ሲያጣና የተበደረውን የሚከፍለው ሲያጣ ነው። የምፈልገው መድን ለመቀመጫ አይደለም። ሥራ መፈለግ ራሱ ወጪ አለው። ትራንስፖርት አለ፣ ፎቶ ኮፒ አለ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ፈተና አለ፣ አዲስ አበባ ለኢንተርቪው መሄድ አለ። የራበው ሰው መጀመሪያ የመጣለትን ሥራ ነው የሚይዘው፣ አሠሪውም ይሄን ስለሚያውቅ ደሞዙን ወደ ታች ይጎትተዋል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ሥራ ያጣው ብቻ አይደለም፣ ሥራ ላይ ያለነውም ነን።

የፓርኩ ልጅ የነበርኩ፦
እኔም ልናገር። እዚያ መስፊያ ላይ ነበርኩ። ስወጣ ለእናቴ አልነገርኳትም። ወር በገባ ቁጥር ደሞዜን እንዳገኘሁ አድርጌ ከስንብቱ ብር ላይ በቴሌብር እልክላት ነበር። «ደሞዝ ገባ ወይ የኔ ልጅ» ስትለኝ «አዎ እማ» እላታለሁ። ብሩ እንዲህ ነው ያለቀው። ማንም አልቀማኝም፣ ያስጨረሰኝ ማፈሬ ነው። ዕቁብም ነበረብኝ። ዕጣዬ ገና አልወጣም፣ መጣል ግን አላቋርጥም፣ ማቋረጥ በራሱ ውርደት መስሎ ታየኝ።

በመጨረሻ የነገርኳት ለዕቁብ ዳኛችን ነው። ሴትዮዋ ምንም አላለችም፣ አባላቱን አነጋግራ ዕጣውን አስቀድማ ሰጠችኝ። አንዷ አባል ደግሞ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ላውንደሪ ሰው እንደሚፈልግ ነገረችኝ፣ አሁን እዚያ ነኝ። እናቴ ስትሰማ ምን አለች መሰላችሁ? «ታዲያ ለምን አልመጣሽም፣ ቡና ለቀማው ደርሶ አልነበር?» አለችኝ። እኔ ስንት ሌሊት ያለቀስኩበትን ነገር እሷ እንደ ቀላል ነው ያየችው።

ስለዚህ እኔ መድኑን እደግፋለሁ። በየወሩ የሚመጣ ብር ቢሆን ኖሮ በአንዴ ተመዝዞ አያልቅም ነበር። ግን ጋሼ ያሉትም ትክክል ነው። ብሩ ኖሮ አፌን ዘግቼ ብቀመጥ የላውንደሪውን ሥራ አላገኝም ነበር።

ሪፈራል የምሠራ ነርስ፦
እህቴ፣ ይሄን በመጻፍሽ ተባረኪ። እኔ ስለ መድኑ አቋም የለኝም፣ ስለ ጤናው ግን ዝም ማለት አልችልም። ሥራ ያጣ ሰው ማዘኑ፣ መናደዱ፣ ራሱን መውቀሱ ጤነኛ ነገር ነው፣ ሐዘን ነውና። ግን ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ሰውየው ድሮ የሚወደውን ነገር ሁሉ ከተወ፣ በተለይ ደግሞ «እኔ ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ነገ ዛሬ አትበሉ። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ሪፈራልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጸበልም ዱዓም ጸሎትም ይቀጥል፣ ሕክምናውን ግን አያስቀሩበት። ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ሐዘኑ አይታይም፣ ጫትና መጠጥ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ቤተሰብም «ዱርዬ ሆነ» ብሎ ይፈርድበታል።

ለቤተሰብ አንድ ነገር ልለምን። ማታ በገባ ቁጥር «እሺ፣ አገኘህ?» አትበሉት። ካገኘ እሱ ራሱ በር ላይ ሆኖ ነው የሚነግራችሁ። ይልቅ ሥራ ስጡት፣ ልጅ ያድርስ፣ ገበያ ይሂድ፣ ለቅሶ ላይ ድንኳን ይትከል። ከቤት የሚወጣበት ምክንያት ይኑረው።

መናኸሪያ ጀበና ቡና፦
የእናንተ ክርክር ጥሩ ነው ግን እኔን አያገባኝም መሰለኝ። እኔ ምግብ ቤት ስሠራ ውል የሚባል አልፈረምኩም፣ ጡረታ አልተቆረጠልኝም። «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ተባልኩ፣ አለቀ። አሁን ቡናዬን አፍልቼ እኖራለሁ። የባጃጅ ሾፌሩ፣ አስተናጋጁ፣ የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ እኛን የሚይዝ መድን የትኛው ነው? ፓርክ ላሉትና ቢሮ ላሉት ብቻ ከሆነ እኔ ለምን ልደግፈው?

የፒያሳው ባለባጃጅ፦
በለው! የኔ ጥያቄ ይሄ ነው። አብዛኛው ሰው ከመዝገቡ ውጭ ነው።

የኤች አር ሠራተኛ ነኝ፦
እህቴ፣ አንድ ነገር ላርምሽ፣ ለሌላ ጊዜም ይጠቅምሻል። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። በቃልም ውል ነው። በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ፈርሞ መስጠት አለበት፣ ካልሰጠም ጥፋቱ የእሱ ነው እንጂ አንቺ መብትሽን አታጪም። አብረውሽ የሠሩ ሰዎች ምስክር ይሆናሉ፣ ደሞዝ በባንክ ወይም በቴሌብር ከገባልሽ እሱም ማስረጃ ነው። የሙከራ ጊዜውን፣ ማለትም 60 የሥራ ቀን፣ ከጨረስሽ «ከነገ አትምጪ» የሚባል ነገር በሕጉ እንዲሁ አይሠራም። ይሄን ማንም ስለማይነግረን ነው በየቤቱ አልቅሰን የምንቀመጠው።

የታቦር ልጅ፦
የጀበና ቡናዋ ጥያቄ ከሁሉም ከባዱ ነው፣ ዝም ብዬ አላልፈውም። አዎ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አይዝም። የግል ድርጅት ጡረታም ሲጀመር ሁሉን አልያዘም፣ ዛሬም አልያዘም። ግን ከአንድ ቦታ መጀመር አለበት፣ መጀመሪያ ጡረታ የሚቆረጥላቸው ይግቡ። ባለባጃጁ «የሚያዋጣው ማነው» ላለው፣ ደቡብ አፍሪካን እዩ። እዚያ ሠራተኛው ከደሞዙ 1 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው 1 በመቶ ይጨምራል። በራሱ ፈቃድ ሥራ ለለቀቀ ደግሞ አይከፈልም፣ ስለዚህ «ሰው ሥራ እየለቀቀ ይበላዋል» የሚለው ስጋት መልስ አለው። ከ6,000 ብር ላይ 1 በመቶ 60 ብር ነው። ስልሳ ብር ቀላል ነው አልልም፣ ለፋብሪካ ልጅ ስልሳ ብር ስልሳ ብር ነው። ግን እሷ ራሷ ለዕቁብ ከዚያ በላይ ትጥላለች፣ ዕድርም ትከፍላለች። ለሞት ቀን እናዋጣለን። ሥራ ለምናጣበት ቀን ለምን አናዋጣም?

ጋሼ ጡረተኛ፦
ይሄኛው ነገር ገባኝ። ዕድሩን ማንም አስገድዶን አይደለም ያቋቋምነው፣ ሰው ሲሞት ብቻውን እንዳይቀበር ነው። ግን ዕድራችን ገንዘቡ የት እንዳለ በየወሩ ይነበብልናል። ዳኛውን እናውቀዋለን፣ ቢያጠፋ እናወርደዋለን። ይሄን የምትሉትን ፈንድ ማን ያነብልናል? ሥራ ያጣ ሰው ብሩን ለማስወጣት አዲስ አበባ እየተመላለሰ ለመኝታ የሚያወጣው ከሚያገኘው ከበለጠ ምን ዋጋ አለው? ይሄ ካልተመለሰ እኔ አልቀየርም።

የፒያሳው ባለባጃጅ፦
እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። ብር ከማዋጣቴ በፊት ጠባቂውን ልወቀው።

አዲስ ገብ፦
ይቅርታ፣ ክርክራችሁን ላቋርጥ። እኔ በቅርቡ ነው የተቀነስኩት። ክፍያዬን ዛሬ ነገ እያሉ ያመላልሱኛል። የሚገርመው የሥራ ልምድ ደብዳቤዬንም «ክሊራንስ ሳትጨርስ» ብለው ይዘውብኛል። ሥራ ለማመልከት ደግሞ እሱ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ አንድ ደላላ «ቀብድ 3,000 ብር አምጣ፣ ሥራ አስገባሃለሁ» ብሎኛል፣ ልስጠው ወይስ?

የኤች አር ሠራተኛ ነኝ፦
አትስጠው! ሥራ ሳትይዝ ብር የሚጠይቅህን ሁሉ አትስማ፣ ቴሌግራም ላይም እንደዚያው ነው።

ወደ ክፍያህ ስመጣ፣ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፍሉህ ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ስትጠይቅ በነፃ የሚሰጥህ መብትህ ነው። ጥያቄህን በቃል አታድርገው፣ በማመልከቻ አስገባና ቅጂው ላይ ማኅተም ወይም ፊርማ አስደርግ። ካልሆነ ወደ ከተማው ሥራና ክህሎት ቢሮ ሂድ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፍልም። ቀኑን ግን ተጠንቀቅ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ካለፈው ይታገዳል፣ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ ስድስት ወር ነው። ብዙ ሰው «ይሰጡኛል» እያለ ሲጠብቅ ነው ቀኑ የሚያልፍበት። የጡረታ መለያ ቁጥርህንም ያዝ፣ አዲሱ መሥሪያ ቤት ስትገባ የድሮው አገልግሎትህ እንዲቆጠርልህ።

አዲስ ገብ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤው ላይ ምክንያቱ «በሥራ መቀነስ» ነው የሚለው።

የኤች አር ሠራተኛ ነኝ፦
ያቺ ቃል ናት የ60 ቀኑን ክፍያ የምታስገኝልህ። ኦሪጅናሉን ለማንም አትስጥ። ዛሬውኑ ፎቶ አንሳው፣ የተጻፈበትን ቀን ጻፍልኝና እስከ መቼ ጊዜ እንዳለህ አብረን እንቁጠር።