የአራዳ ወረዳና የገጠር ወረዳ፦ ስማቸው አንድ ነው፣ ሥልጣናቸውስ?

አፍንጮ በር (ጥያቄ)

ሰላም ለቤቱ። ስለ ያልተማከለ አስተዳደር አጭር የሥልጠና ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አልላቀቅ ብሎኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ይህችን ይዘው ብዙ ጽሑፎች አራዳ ክፍለ ከተማ ያለውን ወረዳና ክልል ውስጥ ያለውን የገጠር ወረዳ በአንድ ሚዛን ያስቀምጧቸዋል። ማኅተም ሁለቱም ዘንድ አለ፣ ሁለቱም ወረዳ ይባላሉ። የአራዳው ባለጉዳይ ግን ከወረዳው "ይህ የክፍለ ከተማ ነው"፣ ከክፍለ ከተማው ደግሞ "ይህ የማዕከል ነው" ይባላል። ሥልጣኑ ከየት ይመነጫል? ገንዘቡስ በየት በኩል ይወርዳል? የምፈልገው አንቀጽና አሠራር ነው፤ የፖለቲካውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።

ሰባ ደረጃ

አንቀጹን ከመሃሉ አትጀምረው። ያው ንዑስ አንቀጽ የሚነሳው "ክልሎች" ብሎ ነው። ክልሎች በክልልነትና አስፈላጊ ሆነው በሚያገኟቸው እርከኖች ይዋቀራሉ ካለ በኋላ ነው "በቂ ሥልጣን" የሚለው የሚመጣው። አዲስ አበባ በአንቀጽ 47 ዝርዝር ውስጥ የለችም። የእሷ አንቀጽ 49 ነው፤ እዚያ ነዋሪው ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው፣ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል፣ አስተዳደሩ ደግሞ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው። "ሙሉ ሥልጣን" እና "ተጠሪነት" ጎን ለጎን በተከታታይ ንዑስ አንቀጾች መቀመጣቸውን ልብ በል። የከተማዋ ጉዳይ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው የሚጎተተው።

"በሕግ ይወሰናል" የተባለው ሕግ ቻርተሩ ነው። መጀመሪያ አዋጅ 87/1989 ነበር፣ በኋላ በ361/1995 ተተካ፣ ከዚያ ወዲህም ተሻሽሏል። ቻርተር የተወካዮች ምክር ቤት የሚያወጣው አዋጅ ነው፤ እንደማንኛውም አዋጅ ያው ምክር ቤት ሊያሻሽለው ይችላል። የአማራ ወይም የኦሮሚያ ወረዳ ግን ሥልጣኑ በክልሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ ተጽፏል፤ እሱን ለመንካት የክልሉን የማሻሻያ ሥርዓት ማለፍ ግድ ነው። የአራዳው ወረዳ ሥልጣን ከቻርተሩ ወደ ከተማው ምክር ቤት አዋጅ፣ ከዚያ ወደ ካቢኔው ደንብ፣ ከዚያ ወደ ቢሮው መመሪያ እየወረደ ነው የሚደርሰው። እዚያ ሲደርስ ሦስተኛ አራተኛ እጅ ሆኗል። "የማዕከል ነው" የሚለው መልስ ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም፤ አንዳንዴ እውነትም የማዕከል ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በክልል በኩል ድጎማ ከፌዴራል የሚወርደው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባጸደቀው ቀመር ነው። የቀመሩ መሠረት የክልሉ የወጪ ፍላጎት ተሰልቶ የገቢ አቅሙ ሲቀነስለት የሚቀረው ክፍተት ነው። ክልሉ የደረሰውን ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ በራሱ ቀመር ለወረዳ ያከፋፍላል። ይህ የወረዳ ጥቅል ድጎማ በ1994 በአራት ክልሎች፣ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ነው የተጀመረው። የወረዳው ምክር ቤት የተላከለትን ጥቅል በትምህርት፣ በጤና፣ በግብርና፣ በውኃ መካከል የመደልደል መብት አለው። የአዲስ አበባ ወረዳ በጀት ግን የከተማው በጀት አንድ መስመር ነው፣ ምን ላይ እንደሚውልም በአብዛኛው ተወስኖ ይመጣል።

በወረቀት እንዲህ ያምራል። የሚበላሸው የት ነው ካልክ፣ የገጠሩ ወረዳ ጥቅል ድጎማ አብዛኛው ደመወዝ ነው። መምህርና የጤና ባለሙያ ከተከፈለ በኋላ የምትቀረው ሥራ ማስኬጃ የሞተር ሳይክል ነዳጅና ወረቀት ናት። ካፒታል በጀቱ ብዙ ጊዜ ከክልል ቢሮ እጅ አይወጣም። የበጀት ጣሪያው ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ ምክር ቤቱ የሚደለድለው ነገር ሳይኖረው ሐምሌ 1 ይገባል። ሰኔ ላይ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን የሚደረገውን የግዥ ሩጫ ሁሉም ያውቀዋል።

ገዳም ሰፈር

ሰባ ደረጃ ጥሩ ብሏል። ለሥልጠና ጽሑፍ ግን አንቀጽ ብቻ አይገባም፤ ምሳሌ ያስፈልጋል። የመሃል አዲስ አበባ ቤቶች ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይሻላሉ።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በተለምዶ ኪራይ ቤቶች ለምንለው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ኪራይ ቤቶች በስም ብዙ ተለዋውጦ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። የቀበሌ ቤት ግን የከተማው ነው። ስለዚህ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ የከተማ ሌላው የፌዴራል ሊሆኑ ይችላሉ። ጣሪያው ቢያፈስ የአንዱ ተከራይ የሚሄደው ወረዳ ነው፣ የሌላው ኮርፖሬሽኑ ዘንድ። ሦስተኛው ጎረቤት የግል ባለይዞታ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የይዞታ አስተዳደር ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት በአንድ ወር ኪራይ የተሰመረ መስመር ዛሬም የሥልጣን ድንበር ሆኖ ይሠራል። ባለጉዳይ የሚሳሳተው ቅርቡ ያለውን ቢሮ ባለሥልጣን አድርጎ ሲያስብ ነው።

ፍርድ ቤቱም እንዲሁ ነው። በክልል የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ይሠሩበታል፤ አንቀጽ 78 እና 80ን ተመልከት። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከባዱ የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፣ ሰው "ልደታ ሄደ" የሚለው። የከተማው ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በቻርተሩ ተቆጥሮ የተሰጠ ብቻ ነው። ያልተቆጠረውን ይዘህ ከሄድክ መዝገቡ "ሥልጣን የለንም" ተብሎ ይዘጋና የከፈልከው ጊዜ ባከነ።

እሪ በከንቱ

ሁለታችሁም የገጠሩን ወረዳ ትንሽ አሳምራችሁታል። (ስሜን አይታችሁ "አቤቱታ ስለማይሰማለት ነው" እንዳትሉኝ፤ የሰፈሬ ስም ነው።)

አንደኛ ነገር፣ በክልልና በወረዳ መካከል ያለውን ዞንን ረስታችኋል። በኦሮሚያ ዞን የክልሉ ክንድ ነው፤ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፣ አስተዳዳሪውን የሚሾመው ክልሉ ነው። በአማራ ግን የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው፣ ሌሎቹ ዞኖች የላቸውም። በአንድ ክልል ውስጥ ራሱ "ዞን" የሚለው ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለሠልጣኞችህ ይህን ካላስረዳህ ያልተማከለ አስተዳደርን ከቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ጋር ይደባልቁታል።

መለያው ቀላል ነው። ኃላፊውን ማን ያነሳዋል? ውሳኔውን ማን ይሽረዋል? የነዋሪው ምክር ቤት ከሆነ ሥልጣን ተላልፏል ማለት ይቻላል። የበላይ ቢሮው ከሆነ ውክልና ነው፣ ሥራው ወረደ እንጂ ሥልጣኑ አልወረደም። በዚህ ሚዛን ብዙ የገጠር ወረዳ በሕግ የመጀመሪያው፣ በአሠራር ሁለተኛው ነው። አንዱ ምክንያት ምርጫ ነው። የአካባቢ ምርጫ በ2005 ተካሂዶ ቀጣዩ 2010 ላይ መሆን ሲገባው ተራዘመ። የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች በሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ሲሞሉ ወረዳዎችና ቀበሌዎች ተራቸው አልደረሰም። መራጩ ዘንድ የማይመለስ ምክር ቤት ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያየው፤ ይህን አንቀጽ 50 ብቻውን አይፈታውም።

አፍንጮ በር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የቤቶቹ ምሳሌ ሙሉ በሙሉ ይገባል። አንድ ልጨምር። ሠልጣኞች ሁልጊዜ የሚጠይቁት "አዲስ አበባ ክልል ብትሆን ይፈታ አልነበረም ወይ?" የሚለውን ነው። ሲዳማ ሆነ፣ ደቡብ ምዕራብ ሆነ፣ መንገዱ ያው አይደለም እንዴ?

ሰባ ደረጃ

ያው አይደለም። ሲዳማ የሄደበት መንገድ አንቀጽ 47 ንዑስ አንቀጽ 3 ነው። በክልል ውስጥ ያለ ብሔር፣ ብሔረሰብ ወይም ሕዝብ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፣ ጥያቄው የቀረበለት የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፣ አብዛኛው ከደገፈ ክልሉ ሥልጣኑን ያስረክባል። አዲስ አበባ በአስተዳደር የማንም ክልል አካል ስላልሆነች ጥያቄውን የሚቀበል ክልልም የሚያስረክብ ክልልም የለም። የሚቀረው ማሻሻያ ነው፦ በአንቀጽ 105 መሠረት የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ማጽደቅ አለባቸው። ክልሎቹ 12 ስለሆኑ 8 ማለት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አንቀጽ 49 ንዑስ 5 ላይ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም አለ። ዝርዝሩን የሚወስን ረቂቅ በ2009 መጨረሻ ተዘጋጅቶ ነበር፣ አዋጅ ሆኖ ግን አልወጣም።

ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ልጨምርልህ። አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን የብሔር ብሔረሰቦች ውክልና ነው፤ አባላቱንም የክልል ምክር ቤቶች ናቸው የሚመርጡት ወይም የሚያስመርጡት። ከተማዋ እንደ ከተማ እዚያ ወንበር የላትም። የድጎማ ቀመር የሚጸድቀውና ሕገ መንግሥት የሚተረጎመው ደግሞ እዚያው ነው። በሌላ አገር የዋና ከተማ መፍትሔ ብዙ ዓይነት ነው፤ በርሊን ራሷ እንደ ክልል ትቆጠራለች፣ አቡጃ በፕሬዚዳንት በተሾመ ሚኒስትር ትመራለች። የእኛው በሁለቱ መካከል ነው።

ክልል መሆንም ማለቂያ አይደለም። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ሐምሌ 2010 ወሰነ፣ ድምፅ የተሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው፤ "አንድ ዓመት" የሚለው በተግባር ስንት እንደሆነ ቁጠረው። ከዚያ ሠራተኛው፣ ንብረቱ፣ ዕዳው፣ መዝገቡ ሁሉ ይከፈላል። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ የክልሉን መቀመጫ ተካፍለውታል። ለፍትሐዊነት ጥሩ ነው፤ ሁለት ቢሮ የሚነካ ጉዳይ ያለው ባለጉዳይ ግን ከከተማ ከተማ አውቶቡስ ይሳፈራል። ሥልጣን ሲከፋፈል ፋይሉም ይከፋፈላል።

ገዳም ሰፈር

ከመጻፍህ በፊት ጽሑፉን ራሱን አግኝ እንጂ የሰው ማጠቃለያ አትጥቀስ። የፌዴራሉ አዋጅ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው የሚወጣው፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እዚያው አራት ኪሎ አጠገብህ ነው። የከተማው ምክር ቤት አዋጅ ግን በአዲስ ነጋሪት ጋዜጣ ነው፣ ሁለቱን አታምታታ። ቻርተሩን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ 361/2003 ተብሎ ብታገኘው ሌላ አዋጅ አይደለም፤ የዓመተ ምሕረቱ ልዩነት ነው። በዚህ ምክንያት አንዱን አዋጅ ሁለት አድርጎ የጠቀሰ ጽሑፍ ብዙ ነው።

መመሪያ ሲጠቀስብህ ደግሞ ቁጥሩን ጠይቅ። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆኑ ከተሞች አስፈጻሚ አካላትንም ይጨምራል፤ መመሪያ ተመዝግቦ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆንም ይጠይቃል። "መመሪያው አይፈቅድም" ተብሎ ቁጥሩ የማይነገር ከሆነ፣ ጥያቄህን በጽሑፍ አስገባ፣ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስደርግበት፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቅ። አቤቱታ ወደ ክፍለ ከተማም ሆነ ወደ እንባ ጠባቂ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያች ወረቀት ናት።