በመታ ቁጥር የሚረግም ተዋጊ፦ ኃይሉን እንዴት ላመዛዝነው?

ባለሃያገጽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከአራት ጓደኞቼ ጋር የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን (ገጸ ባሕርይ ወክለው በዳይስ የሚጫወቱትን የምናብ ጨዋታ) 5ኛ እትም እንጫወታለን፤ የጨዋታው መሪ እኔ ነኝ። ከተጫዋቾቹ አንዱ በሰይፍም በእርግማንም የሚዋጋ ገጸ ባሕርይ ስለፈለገ፣ በጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ካሉት ክላሶች (የገጸ ባሕርይ ሙያዎች) ውጪ አንድ አዲስ ክላስ ራሴ አዘጋጀሁለት። ተዋጊው ጠላትን በመታ ቁጥር ከሦስት እርግማኖች አንዱን ይጥልበታል። የመጀመሪያው ክንድን የሚያዝል ነው፤ የተረገመው ጠላት ሲያጠቃ ባለሃያ ገጹን ዳይስ ሁለት ጊዜ ወርውሮ ትንሹን ቁጥር ይወስዳል። ሁለተኛው እግርን ያስራል፣ ሦስተኛው ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። 5ኛ ደረጃ ላይ ደርሶ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ መምታት ከጀመረ ወዲህ ግን፣ ዋና ዋናዎቹ ጠላቶች ገና በመጀመሪያው ዙር ታስረውና ዝለው ስለሚቀሩ፣ ሌሎቹ ሦስት ተጫዋቾች ከተመልካች አልተለዩም። እርግማኑን በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ብዬ ስገድበው ደግሞ ባለቤቱ «እንግዲያው ከተራ ወታደር በምን ተሻልኩ?» ብሎ አኮረፈ። ሁለቱን ጫፎች የሚያስታርቅ ሕግ የምታውቁ ካላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ቁጥር ቆጣሪ፦

ችግሩ ከእርግማኖቹ ብዛት ይልቅ የሚያርፉበት መንገድ ይመስለኛል። ተዋጊዎ የመምታት ዕድሉ 65 በመቶ ነው ብንል፣ ከሁለት ምት ቢያንስ አንዱ የማረፉ ዕድል 87.75 በመቶ ይሆናል፤ ጠላቱ ራሱን የሚያድንበት ውርወራ ስላልተሰጠው እርግማኑ አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ወርውሮ ትንሹን መውሰድ ከሚመስለው በላይ ከባድ ቅጣት ነው። 65 በመቶ የመምታት ዕድል የነበረው ጠላት ወደ 42.25 በመቶ ይወርዳል፤ ጉዳቱን የሚያበዛውን ሃያ የማውጣት ዕድሉም ከ20 አንድ የነበረው ከ400 አንድ ይሆናል። በአንጻሩ ከውርወራው ላይ የባለአራት ገጽ ዳይስ ውጤት ቢቀነስበት፣ አማካዩ 2.5 ስለሆነና እያንዳንዱ ነጥብ 5 በመቶ ስለሚመዝን፣ ዕድሉ 52.5 በመቶ ላይ ይቆማል። ይህ የሚሰማ ግን የማያሽመደምድ ቅጣት ነው።

ከምቱ በኋላ ጠላቱ ከእርግማኑ ለማምለጥ ዳይስ እንዲወረውር፣ ማለትም የመከላከያ ውርወራ እንዲያደርግ ይፍቀዱለት፤ ነገር ግን በአንድ ተራ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። ግማሹን ጊዜ የሚያመልጥ ከሆነ የመረገሙ ዕድል ወደ 44 በመቶ ይወርዳል። «በእያንዳንዱ ምት ይሁን» የሚል ምክር ካጋጠመዎት አይቀበሉት፤ ታላላቅ ጭራቆች አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሦስት ጊዜ የከሸፈባቸውን የመከላከያ ውርወራ እንደተሳካ የማስቆጠር መብት አላቸው፤ ተዋጊዎ ያንን መብት በተራ ሁለት ሁለቱን ካስጨረሰ፣ ከኋላው የቆመው አስማተኛ የቀረውን ሥራ ያለ ድካም ይፈጽመዋል።

የድሮ ተጫዋች፦

በቁጥሩ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ያወጡትን ሕግ በመጽሐፉ ካለው ጋር ያነጻጽሩት። ቢስቶው ከርስ የተባለው አስማት 3ኛ እርከን ነው፤ ጠላትን በእጅ መንካት ይጠይቃል፣ የመከላከያ ውርወራ አለው፣ በተለመደው እርከኑ ሲጣልም የረጋሚው ትኩረት ሳይቋረጥ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም እንኳ የጠላትን ክንድ የሚያዝለው አማራጭ የሚሠራው ጠላቱ ረጋሚውን ራሱን ሲያጠቃ ብቻ ነው፤ የረጋሚውን ጓደኞች ሲያጠቃ እንደ ወትሮው ነው። የእርስዎ ተዋጊ ግን ከዚህ የሚበልጠውን በነጻ፣ በየምቱ ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሄክስብሌድ የተባለው የዋርሎክ (ከኃያል ፍጡር ጋር ተዋውሎ አስማት የሚያገኝ ክላስ) ዘርፍ ሌላ መንገድ ነው የተከተለው። የእርሱ እርግማን ጠላትን ጨርሶ አያዳክምም፤ ረጋሚውን ነው የሚያጠነክረው። በ30 ጫማ ርቀት ውስጥ ባለ አንድ ጠላት ላይ ለአንድ ደቂቃ ይጣላል፤ በጉዳቱ ላይ እንደ ደረጃው ከ2 እስከ 6 ነጥብ ይጨምራል፤ 19 ቢወጣም እንደ 20 ጉዳቱን ያበዛል፤ የተረገመው ሲሞት ረጋሚው የሕይወት ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ዕረፍት እስኪደረግ ድረስ አይደገምም። እንዲህ ሲሆን የቀሩት ተጫዋቾች ጠላት አይነጠቁም። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ ይህ ሁሉ፣ በጉልበት ፈንታ በካሪዝማ (በግርማ ሞገስ ነጥብ) ሰይፍ የመምታት መብቱም ጭምር፣ በ1ኛ ደረጃ ስለሚገኝ፣ በካሪዝማቸው የበረቱት ፓላዲኖች (በመሐላ የታሰሩ ተዋጊዎች) አንዲት ደረጃ ብቻ ከዋርሎክ እየቆነጠሩ በዚያው ሰይፍ መምታት ጀመሩ። ስለዚህ የእርስዎን ዋና እርግማን ከ3ኛ ደረጃ በታች አያስቀምጡት።

ወይዘሮ ዳይስ፦

ወንድሞቼ ሁሉንም በቁጥር ፈታችሁት፤ እኔ ከቃሉ ልጀምር። እርግማን በእኛ ዘንድ ድግምትም መተትም አይደለም፤ የተበደለ ሰው ቃል ነው፣ ያልበደለን አይደርስበትም። ይህንን ሕግ ቢያደርጉትስ? ተዋጊው መርገም የሚችለው ካለፈው ተራው ወዲህ እርሱን ወይም ባልንጀራውን ያቆሰለን ጠላት ብቻ ይሁን። ጠላት አንድ ዙር በሙሉ ኃይሉ ሳይዋጋ አይታሰርም፤ ተጫዋቹም በቀን ሦስት ጊዜ የሚለው ገደብ ተነሥቶለት ሁልጊዜ የሚጠብቀው ነገር ይኖረዋል። እርግማኑን በራሱ የሕይወት ነጥብ እንዲከፍል ማድረግን ግን አልመክርም፤ እኛ ሞክረነው ዕዳው የወደቀው በሚፈውሰው ተጫዋች ላይ ነበር።

ባለሃያገጽ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወይዘሮ ዳይስን የበደል ሕግ፣ በተራ አንድ የመከላከያ ውርወራንና በባለአራት ገጽ ዳይስ መቀነስን አጣምሬ እሞክራለሁ፤ እግር ማሰሪያው ለአንድ ዙር ብቻ ይቆያል። አንድ ነገር ቀረኝ፤ የተረገመው ጠላት ሲሞት እርግማኑ ወደ ሌላው ይሻገር?

የድሮ ተጫዋች፦

ጉዳት የሚጨምር እርግማን ቢሻገር ግድ የለም፤ ሄክስ የተባለው አስማትም በሚቀጥሉት ተራዎች በተጨማሪ ድርጊት (ከዋናው ድርጊት ጎን በሚፈቀድ አጭር ድርጊት) ይሻገራል። ክንድና እግር የሚያስሩትን ግን አያሻግሩ፤ አለዚያ ተጫዋቹ አንድ ደካማ ጎብሊን ረግሞ ይገድልና የመከላከያ ውርወራውን ዘልሎ አለቃው ላይ ይደርሳል። ሄክስብሌድ እንኳ ማሻገርን የሚያገኘው በ14ኛ ደረጃ ነው፤ ያን ጊዜም ካሻገረ ከሟቹ የሚያገኘው የሕይወት ነጥብ ይቀርበታል።