የአልበም ሽፋኖች ከፎቶዎቼ ጋር ተደባለቁ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ የቀረበውን የመጀመሪያውን የአንድሮይድ ስልክ፣ ጂ1ን፣ እስካሁን እጠቀማለሁ። ዘፈኖቼን ከኮምፒውተር ወደ ሚሞሪ ካርዱ ከገለበጥኩ ወዲህ ግን በየአልበሙ ፎልደር ያሉት የሽፋን ምስሎች በጋለሪው ላይ ከቤተሰብ ፎቶዎች ጋር ተደባልቀው ይታያሉ። እነዚህን ምስሎች መደበቅ ይቻላል?

መልስ 1፦
ስልኩ ካርዱን ፈትሾ ያገኘውን ምስል ሁሉ ስለሚመዘግብ ነው። በፎልደሩ ውስጥ ስሙ በነጥብ ጀምሮ «ኖሚዲያ» የሚል (በላቲን ፊደል .nomedia ተብሎ የሚጻፍ) ባዶ ፋይል ቢያስቀምጡ ፍተሻው ያልፈዋል። ዊንዶውስ በነጥብ የሚጀምር ስም አልቀበልም ካለዎት በኖትፓድ ከፍተው፣ ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው ያስቀምጡት።

መልስ 2፦
ምክሩ ትክክል ቢሆንም ለዘፈን ፎልደር አይመችም፤ ምክንያቱም ያ ፋይል ምስሎቹን ብቻ ሳይሆን እዚያው ያሉትን ዘፈኖችም ከማጫወቻው ዝርዝር ያስወጣቸዋል። እኔ የምመርጠው፣ ትንሽ ጊዜ ቢወስድም፣ ሽፋኑን በኮምፒውተር ላይ በኤምፒስሪ ፋይሉ ውስጥ አስገብቶ የተነጠለውን ምስል ከካርዱ ማጥፋት ነው። በካሜራው የተነሱት ፎቶዎች «ዲሲአይኤም» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጡ እሱን እንዳይነኩት።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። ካርዱ በዩኤስቢ ለኮምፒውተሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ስልኩ ስለማያየው ጋለሪው ባዶ ይሆናል፤ ፎቶዎቹ ጠፉ ብለው እንዳይደነግጡ። ገመዱን ከመንቀልዎ በፊትም ካርዱን ከኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ያስወጡት፤ አለበለዚያ ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ።