በቦነስ አይረስ የታንጎ ቤቶች ብቻዋን የምትሄድ ሴት ምን ማወቅ አለባት?

መንገደኛዋ፦
በመጪው ወር ለሥራ ወደ አርጀንቲና ዋና ከተማ ወደ ቦነስ አይረስ እሄዳለሁ። ታንጎ በምኖርበት ከተማ ጥቂት ተምሬአለሁ። ስለዚህ ማየት የምፈልገው ለቱሪስት ከእራት ጋር የሚቀርበውን ትርዒት ሳይሆን የከተማው ሰው ራሱ የሚጨፍርበትን፣ ሚሎንጋ የሚባለውን ምሽት ነው። አንዲት ወዳጄ ግን እዚያ ወንድ ሴትን ለጭፈራ የሚጋብዘው በቃል ሳይሆን በዓይን ብቻ ነው ስትለኝ ግራ ተጋባሁ። ብቻዬን ብሄድ እቸገር ይሆን? የትኞቹን ቤቶችስ ትመክሩኛላችሁ?

ባለዋሽንት፦
እህቴ፣ ወዳጅዎ የነገረችዎ እውነት ነው። ልማዱ ካቤሴኦ ይባላል። ወንዱ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሊጋብዛት የፈለጋትን ሴት ያያታል፤ እርሷም ከፈቀደች ዓይኗን ሳትሰብር ታየዋለች፤ ከዚያ ሁለቱም ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ካልፈለገች ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። በሰው ፊት እምቢ የተባለ የለም፣ ሰበብ መፈለግም አያስፈልግም። በሀገራችን ምሽት ቤቶች እጇን ይዞ ሊያስነሣት የሚታገል ሰው ያጋጠማት ሴት የዚህን ጥቅም ቶሎ ትረዳዋለች።

ሙዚቃው የሚቀርበው ታንዳ በሚባሉ ክፍሎች ነው። አንዱ ታንዳ ታንጎ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አራት፣ ፈጠን ያለው ሚሎንጋ የተሰኘው ስልት ከሆነ ሦስት ዘፈኖች ይኖሩታል፤ ሁሉም የአንድ ኦርኬስትራ ናቸው። በታንዳዎቹ መካከል ዲጄው ከታንጎ ውጪ የሆነ አጭር ሙዚቃ ሲያሰማ ሁሉም ወደየወንበሩ ይመለሳል። የሚሰሙት ቅጂዎች በብዛት ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቀዱ በመሆናቸው፣ ልምድ ያላቸው ተወዛዋዦች ማን እንደሚጫወት ከመጀመሪያዎቹ ድምፆች ያውቁታል፤ ከኦርኬስትራ መሪዎቹ የካርሎስ ዲ ሳርሊን ረጋ ያለ አረማመድ ከአንዱ ጋር፣ የሁዋን ዳሪየንሶን ጠንካራ ምት ደግሞ ከሌላው ጋር መጨፈር ስለሚመርጡ፣ ሙዚቃው እስኪጀምር ማንንም ሳያዩ የሚቆዩ አሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በታንዳው መካከል «ግራሲያስ» ብለው አያመስግኑ። «ከእርስዎ ጋር ይበቃኛል» ማለት ስለሚሆን ሰውየው ወደ ወንበርዎ ይሸኝዎታል።

መሐንዲሱ፦
ስለ ቤቶቹ ልናገር። ለጀማሪ ፓሌርሞ ሰፈር ያለው ላ ቪሩታ ይሻላል፤ ከጭፈራው በፊት ትምህርት ይሰጣል፣ ወጣትም ይበዛበታል። የሚገኘው በአርመኖች የባህል ማኅበር ሕንፃ ምድር ቤት ነው (አርመኖች ለእኛም ዘመናዊ ሙዚቃ የዋሉትን ውለታ ለሚያስታውስ ሰው ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው)። በዚያው ሰፈር ያለው ሳሎን ካኒንግ በእንጨት ወለሉ የታወቀ ነው። በቪያ ኡርኪሳ ሰፈር ያለው የሰንደርላንድ ክለብ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው፤ መብራቱ ደማቅ፣ ጌጡም የለም የሚባል ነው፣ ሆኖም የሰፈሩ ሰው ከነቤተሰቡ የሚመጣበት በመሆኑ እኔ ከሁሉም አስበልጠዋለሁ።

የትም ቢሄዱ መውጫ በሩን አስቀድመው ይመልከቱ። ይህን የምለው በሥራዬ ልማድ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 30 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ ሪፑብሊካ ክሮማኞን በተባለ ቤት የሮክ ሙዚቃ ሲቀርብ የተተኮሰ ርችት ጣሪያው ላይ የነበረውን ልባስ አቀጣጠለው፤ የአደጋ ጊዜ በሩ ተቆልፎ ስለነበር በመርዛማው ጭስ 194 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ቁጥጥሩ ስለጠበቀ፣ እሳቱ ምንም የማይመለከታቸው ሚሎንጋዎች ሳይቀሩ ለጊዜው የተዘጉ ነበሩ።

የአልማግሮ ደንበኛ፦
ባለዋሽንት ስለ ካቤሴኦ የጻፉት ትክክል ቢሆንም አንዱን ወገን ብቻ ያሳያል። በጥንቱ ልማድ ዓይኑን ጥሎ የሚጀምረው ወንዱ ነው፤ በዕድሜ የገፋች ወይም ማንም የማያውቃት ሴት ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ ልትወጣ ትችላለች። በጨዋነት የተሸፈነ መገፋት ብዬ ነው የማየው። እንደ ላ ካቴድራል ባሉ ዘና ያሉ ቤቶች ሰው በቃል ይጋበዛል፣ ሴትም ወንድን ትጋብዛለች፤ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ጋር የሚጨፍሩባቸው ሚሎንጋዎችም አሉ። እኔ ብሆን ከዚያ እጀምር ነበር።

መንገደኛዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ሰውየው ያየው እኔን ይሁን ከጎኔ የተቀመጠችውን በምን ላውቅ እችላለሁ?

ባለዋሽንት፦
ራስዎን ነቅነቅ አድርገው ከመለሱ በኋላ አይነሡ። እርሱ ወለሉን አቋርጦ እስኪመጣና ከፊትዎ እስኪቆም ድረስ ዓይንዎን ከእርሱ ሳይነቅሉ ተቀምጠው ይጠብቁ። የጎረቤትዎን ከሆነ የጠራው፣ ከወንበርዎ ስላልተነሡ ያየ ሰው አይኖርም። ወለሉ ላይ ሲወጡ ደግሞ ሁሉም የሚዞረው ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ ነው፤ የመግቢያውን ክፍተት መፈለግ ግን የአስጨፋሪዎ ኃላፊነት ነው።