ክብደቱ የሚቀያየር ዳምቤል ስለመምረጥ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦
የምኖረው በጠባብ የኪራይ ክፍል ስለሆነ ብዙ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚነሣ የስፖርት ብረት) የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። ክብደቱ የሚቀያየር አንድ ጥንድ ለመግዛት አስቤያለሁና፣ ብረቶቹ በዳዶ ከሚጠብቁትና ማዞሪያውን በማዞር ክብደቱ ከሚመረጠው የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ከባሕር ዳር)፦
በእኔ እምነት በዳዶ የሚጠብቀው ይሻልዎታል። ብረት መቀያየሩ ጊዜ ቢወስድም አሠራሩ ቀላል በመሆኑ፣ ዳዶው ቢጠፋ እንኳ ጥርሱ የሚገጥም ሌላ ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል። ባለ ማዞሪያው ግን በውስጡ ረቂቅ መያዣዎች ስላሉት መሬት ላይ መጣል የለበትም፤ ቦውፍሌክስ የተባለው ምርት ባለ ማዞሪያ 552 እና 1090 ሞዴሎች እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ከተጠቃሚዎች እንዲሰበሰቡ የተወሰነውም በአጠቃቀም ላይ ሳሉ ብረቶቹ ከእጀታው ሊወድቁ ስለሚችሉ ነበር።

መልስ (ከፍኖተ ሰላም)፦
እስማማለሁ፤ ነገር ግን ዳዶው በእንቅስቃሴ ስለሚላላ በየዙሩ መካከል ያጥብቁት፣ በተለይም በጀርባዎ ተኝተው ወይም ከራስዎ በላይ የሚያነሡ ከሆነ ይህን ፈጽሞ አይዝለሉት። ሲገዙ 1.25 ኪሎ የሚመዝኑ ትንንሽ ብረቶች መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ በሁለቱ ጫፎች አንድ አንድ ሲጨመር ልዩነቱ 2.5 ኪሎ ብቻ ስለሚሆን ትከሻ ሳይጎዳ ቀስ በቀስ ለመጨመር ያስችላል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ባለ ዳዶውን እገዛለሁ።